ቃላትን ከጓደኞቻቸው ነጥለን አናስተምር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ባለፉት ሳምንታት በጋዜጣችሁ የአንባብያን ዐምድ የተማሪዎቻችንን የእንግሊዝኛ ችሎታ መድከም የሚመለከቱ አስተያየቶች ሲወጡ በጥሞና ተከታትያለሁ። አንዳንዶቹ ጸሐፊዎች የሰዋስው ትምህርት መላላቱን፣ ሌሎቹ የማንበብ ልማድ መጥፋቱን፣ የቀሩት ደግሞ የመምህራንን ዝግጅት ማነስ በምክንያትነት አቅርበዋል። የሁሉም አባባል እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ሳስተምርና የመመረቂያ ጽሑፎችን ቋንቋ ሳርም ስኖር ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ነገር በአንዱም አስተያየት ሳይነሣ በመቅረቱ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። ነገሩ ይህ ነው፦ ልጆቻችን የእንግሊዝኛ ቃላትን አንድ በአንድ ያውቃሉ፤ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚውል ግን አያውቁም፤ ያላወቁትም ሰንፈው ሳይሆን እኛ ስላላስተማርናቸው ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ረቂቅ ይዛ ቢሮዬ መጣች። ጥናቷ ለአርሶ አደሮች የተሰጠ ሥልጠና በገቢያቸው ላይ ያመጣውን ለውጥ የሚመለከት ሲሆን፣ መረጃው በጥንቃቄ የተሰበሰበ፣ ስሌቱም የተስተካከለ ነበር። በማጠቃለያው ምዕራፍ ላይ ግን ሥልጠናው ለገቢያቸው መሻሻል ምክንያት መሆኑን ለመግለጽ “ዘ ትሬይኒንግ ኮዝድ ኢምፕሩቭመንት” ብላ ጽፋለች። “ኮዝድ” የሚለውን ቃል በእርሳስ አሰመርሁበት።

“መምህር፣ ሰዋስዉ እኮ ትክክል ነው፤ መዝገበ ቃላቱም ‘ኮዝ’ ማለት ‘ምክንያት ሆነ’ ነው የሚለው” አለችኝ።

“ልክ ነሽ” አልኋት። “እስቲ በአማርኛ እንሞክረው። ‘ሥልጠናው ገበሬዎቹን ለተሻለ ገቢ ዳረጋቸው’ ብለሽ ትጽፊያለሽ?”

“ኧረ በፍጹም! ‘አበቃቸው’ ነው እንጂ የሚባለው።”

“ለምን?”

ጥቂት አሰበችና “እንጃ መምህር፤ ጆሮዬ አልቀበል አለኝ” ብላ መለሰችልኝ።

ይህ “ጆሮዬ አልቀበል አለኝ” የሚለው መልስ ከአንድ ሙሉ የትምህርት ምዕራፍ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በአማርኛችን ሰው ለችግር፣ ለስደት፣ ለእስር ይዳረጋል፤ ለክብር፣ ለማዕረግ፣ ለወግ ግን ይበቃል። “ዳረገ” የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት ከፍተን፣ “ከክፉ ነገር ጋር ብቻ ይሄዳል” የሚል ሕግ አንብበን አልተማርነውም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ከእነማን ጋር ሲውል እንደኖረ ስለሰማን ብቻ እናውቀዋለን። “አስከተለ” የሚለውም ቢሆን ጉዳት፣ ጥፋት፣ ሞት ሲያስከትል እንጂ ደስታ ሲያስከትል ብዙ ጊዜ አንሰማውም። የእንግሊዝኛው “ኮዝ” የእነዚህ ወንድም ነው።

ተማሪዋን ከኮምፒውተሬ ፊት አስቀምጬ ከአንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ክምችት “ኮዝ” የሚለው ቃል የገባባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አወጣንላት። እንዲህ ያለው ፍለጋ የሚፈለገውን ቃል ከገጹ መካከል ላይ በአንድ ረድፍ ቁልቁል ይደረድርና፣ በግራና በቀኝ ያሉት ጎረቤቶቹ በግልጽ እንዲታዩ ያደርጋል፤ ባለሙያዎቹ “ኮንኮርዳንስ” ይሉታል። ልጅቷ የቀኙን ጎን በጣቷ እየተከተለች ስታነብ “ዳሜጅ፣ ፕሮብለምስ፣ ዴዝ፣ ፔይን፣ ትራብል፣ ካንሰር” እያለች ወረደች። አንድ ገጽ ሳትጨርስ እርሳሱን ከእጄ ተቀብላ “ኮዝድ” የሚለውን ሰረዘችና “ሌድ ቱ” ብላ ጻፈችበት። እኔ ምንም አላልኋትም ነበር።

የቋንቋ ባለሙያዎች ይህን የቃላት አብሮ የመዋል ጠባይ “ኮሎኬሽን” ይሉታል፤ በአማርኛ “የቃላት ጥምረት” ብንለው የሚያስኬድ ይመስለኛል። ነገሩን በጥናት ከያዙት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሃሮልድ ፓልመር የተባለው እንግሊዛዊ የቋንቋ መምህር ሲሆን፣ በቶኪዮ ለጃፓናውያን እንግሊዝኛ ሲያስተምር ቆይቶ በ1933 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ስለ እንግሊዝኛ የቃላት ጥምረት ዘገባ አሳትሟል። የአሳቡ ፍሬ ነገር ተማሪው እንዲህ ያሉትን ጥምረቶች እንደ አንድ ሙሉ ነገር መያዝ አለበት እንጂ ከተናጠል ቃላት ሊገጣጥማቸው አይችልም የሚል ነው። ሥራው ለውጭ አገር ተማሪ የተሠራ መሆኑን አንባብያን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፤ የአገሩ ተወላጅ ጆሮው ስለሚነግረው ይህ ዓይነቱ ዘገባ አያስፈልገውም፣ ለእኛ ግን ያስፈልገናል። ከእርሱ በኋላ የለንደኑ ፕሮፌሰር ጄ. አር. ፈርዝ በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ ቃል የሚታወቀው አብሮት በሚውለው ቃል ነው ብሎ ጻፈ። “ጓደኛህን ንገረኝና ማንነትህን እነግርሃለሁ” እያለ ላደገ አንባቢ ይህ አባባል ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ከግምት ወጥቶ በቁጥር የሚለካ ሆነ። በአሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ኩቸራና ኔልሰን ፍራንሲስ በ1961 ከታተሙ ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ወደ 2,000 ቃላት የሚሆኑ 500 ናሙናዎችን፣ ከጋዜጣ እስከ ልብ ወለድና እስከ ምሁራዊ ድርሳን በ15 ዘርፍ ከፍለው በኮምፒውተር ሰበሰቡ፤ አንድ ሚሊዮን ቃል መሆኑ ነው። የእንግሊዙ ብሔራዊ ክምችት በ1994 ሲጠናቀቅ 100 ሚሊዮን ቃል ደርሶ ነበር፤ ከዚህም አንድ አሥረኛው ከሰው አፍ የተቀዳ ንግግር ነው። ዛሬ ማርክ ዴቪስ ያዘጋጀው የአሜሪካ እንግሊዝኛ ክምችት ከ1 ቢሊዮን ቃል በላይ ይዟል፤ የኢንተርኔት መስመር ያለው ማንኛውም ተማሪ ተመዝግቦ በተወሰነ መጠን በነፃ ሊፈልግበት ይችላል። ለተማሪዋ ያሳየኋትም ይህንኑ ነው።

በቁጥሩ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ አብረው የሚታዩ ቃላት ሁሉ ወዳጆች አይደሉም። “ዘ” የተባለችው ቃል በብራውን ክምችት ውስጥ ብቻዋን ከመቶ ሰባቱን ቃል ትይዛለች፤ ስለዚህ ከሁሉም ጋር ትታያለች፣ መታየቷም የሚነግረን ነገር የለም። በአማርኛ “ነው” የሚለው ቃል ከምን ጋር እንደሚሄድ ብንቆጥር ያው ነው። “ድቅድቅ” ሲባል ግን አንባቢው ቀጣዩን ቃል ሳያይ “ጨለማ” ይላል፤ ድቅድቅ የሆነ ሌላ ነገር አያውቅምና። የቃላትን ዝምድና የሚለኩ ባለሙያዎች የሚያሰሉት ይህንኑ ነው፤ ሁለቱ ቃላት በአጋጣሚ ሊገናኙ ከሚችሉት በላይ ምን ያህል ጊዜ ተገናኙ ብለው ይጠይቃሉ። ጥምረቱ ግን እንደ ድቅድቅና ጨለማ የጠበቀ ሲሆን ተማሪ አይቸገርም፤ አንድ ጊዜ ይሸመድደውና ይገላገለዋል። የሚያስቸግረው መካከለኛው ነው።

መካከለኛው የምለው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚያውቃቸው ተራ ቃላት የሚፈጥሩትን ጥምረት ነው። “ሜክ”፣ “ቴክ”፣ “ዱ”፣ “ሃቭ”፣ “ጊቭ” የሚሉትን ግሦች የማያውቅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለም፤ በጽሑፉ ላይ በቀይ የማሰምርባቸው ቦታዎች ግን በአብዛኛው እነርሱ ያሉባቸው ናቸው። በአማርኛ ሕልም ስለሚታይ ተማሪው “አይ ሶው ኤ ድሪም” ይላል፤ እንግሊዝኛ ግን ሕልምን “ሃቭ” ይላል። ትኩረት ስለምንሰጥ “ጊቭ አቴንሽን” ብሎ ይጽፋል፤ እንግሊዝኛ ትኩረትን እንደ ዕዳ “ፔይ” ማድረግ፣ ማለትም መክፈል ይቀናዋል። ቴሌቪዥን ስለምንከፍት “ኦፕን ዘ ቲቪ” ይላል፤ “ስለ ጉዳዩ ተወያየን” ስለምንልም “ዲስከስ” ከሚለው ግሥ ኋላ ሳያስበው “አባውት” ያስከትላል። ዝናቡም ነፋሱም በእኛ ዘንድ ኃይለኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ነፋሱ “ስትሮንግ” ሲሆን ዝናቡ “ሄቪ” ነው፤ “ስትሮንግ ሬይን” ብሎ የጻፈው ልጅ ሁለቱንም ቃላት አሳምሮ ያውቃል፤ ሁለቱ እንደማይስማሙ ግን የነገረው የለም። ሃሊዴይ የተባለው የቋንቋ ሊቅ በ1966 እንዳመለከተው ወፈር ያለው ሻይ “ስትሮንግ” ይባላል፣ ጉልበታሙ መኪና ደግሞ “ፓወርፉል”፤ የሁለቱ ቃላት ትርጉም ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ቦታ ቢለዋወጡ የእንግሊዙ ጆሮ ይቆረቁረዋል።

ይህ የእንግሊዝኛ ብቻ ጠባይ አለመሆኑን ለማየት አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው መስማት ይበቃል። በእንግሊዝኛ “ዌር” የሚለው አንድ ግሥ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ላለው ነገር ሁሉ ያገለግላል፤ እኛ ግን ሸሚዝ እንለብሳለን፣ ጫማና መነጽር እናደርጋለን፣ ቀበቶ እንታጠቃለን፣ ነጠላ እንከናነባለን፣ ጥምጣም እንጠመጥማለን። “ቀበቶ ለበስሁ” የሚለን እንግዳ የትኛውንም ሕግ አላፈረሰም፤ ሆኖም ቋንቋው ገና እንዳልገባው ወዲያው እናውቃለን። የእኛ ተማሪ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ አንባቢው የሚሰማው ይኸው ስሜት ነው። (በነገራችን ላይ ጥምረት ከቋንቋ ወደ ቋንቋም ይሻገራል። በየዜናው የምናነበው “ከፍተኛ ሚና ተጫወተ” የሚለው አነጋገር ከእንግሊዝኛው “ፕሌይ ኤ ሮል” ቃል በቃል የተወሰደ ይመስለኛል፤ የጋዜጣችሁ አዘጋጆችም ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ “ድርሻ ነበረው” የሚለው ምን አጠፋ?)

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ችግር የሚብሰውና ብዙ መምህራንም የማያስተውሉት ነው። ያው ተራ ቃል በመንገድ ወሬና በምሁራዊ ጽሑፍ ውስጥ የሚይዛቸው ጓደኞች የተለያዩ ናቸው። ዳግላስ ባይበርና ባልደረቦቹ በ1999 ባወጡት ሰፊ የሰዋስው ጥናት ሦስትና አራት ሆነው ደጋግመው አብረው የሚመጡ ቃላትን ለይተው ሲቆጥሩ፣ በንግግር ውስጥ የበዙት እንደ “አይ ዶንት ኖው ዋት” እና “ዱ ዩ ዎንት ቱ” ያሉ፣ ባለቤትና ግሥ ያላቸው፣ የዐረፍተ ነገር መነሻ የሚሆኑ ቁርጥራጮች ሆነው ተገኙ፤ በምሁራን ጽሑፍ የበዙት ደግሞ እንደ “ኢን ዘ ኬዝ ኦፍ”፣ “ኦን ዘ ቤሲስ ኦፍ”፣ “አዝ ኤ ሪዘልት ኦፍ” ያሉ፣ ስምን ከስም የሚያያይዙ ሐረጎች ናቸው። ቃላቱ ሁሉ አንድ ሕፃን የሚያውቃቸው ናቸው፤ ልዩነቱ ያለው በአደራደራቸው ላይ ነው። ተማሪዎቻችን እንግሊዝኛን በአብዛኛው የሚሰሙት ከፊልምና ከማኅበራዊ ሚዲያ በመሆኑ የመንገዱን ጥምረት ይዘው ወደ ጥናታቸው ይገባሉ። “ቢግ ዲፈረንስ” ይላሉ፤ “ሜክ ኤ ኮንክሉዥን” ይላሉ፤ በምሁራን ዘንድ ግን መደምደሚያ “ድሮው” ይደረጋል ወይም “ሪች” ይደረጋል። አማርኛው “በጣም” ወይም “በሰፊው” በሚልበት ቦታ ሁሉ “ቬሪ” ብለው ያልፋሉ፤ “ዋይድሊ ዩዝድ”፣ “ክሎዝሊ ሪሌትድ”፣ “ሃይሊ ስኪልድ” እየተባለ እያንዳንዱ ቃል የራሱ አጉሊ እንዳለው ማንም አልነገራቸውም።

ሲታረሙም ሌላ አደጋ ይመጣል። “ቢግ ዲፈረንስ” አይባልም የተባለ ተማሪ በሚቀጥለው ረቂቁ ላይ “ሲግኒፊካንት ዲፈረንስ” ብሎ ይመጣል፤ በቁጥር ላይ በተመሠረተ ጥናት ግን ይህ ጥምረት የማሳመሪያ ቃል አይደለም፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ፈተና ተረጋግጧል የሚል ቃል ኪዳን ነው። ፈተናውን ሳይሠሩ ቃሉን የተጠቀሙ ስንት ጽሑፎች እንዳየሁ ቆጥሬ አልጨርስም። ስለዚህ የቃላት ጥምረት የጌጥ ጉዳይ ነው የሚሉኝን ባልደረቦቼን አልቀበላቸውም፤ ጸሐፊው ያላደረገውን አድርጌያለሁ እንዲል ያደርገዋልና።

የምሁራዊ ጽሑፍን ቃላት ለይቶ ለተማሪ ማቅረብ አዲስ ነገር አይደለም። በኒውዚላንድ አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 ያሳተመችው ዝርዝር 570 የቃላት ቤተሰቦችን (ከአንድ ሥር የተገኙ ቃላት እንደ አንድ ተቆጥረው) ይዟል፤ እነዚህ ከተለመዱት 2,000 መሠረታዊ ቃላት ውጭ ሆነው ምሁራዊ ጽሑፍ ውስጥ ከሚገኙት ቃላት ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጉትን ይሸፍናሉ። ይህን ዝርዝር አትመው ለተማሪዎቻቸው የሚያድሉ መምህራን አውቃለሁ፤ አመሰግናቸዋለሁም። ነገር ግን ዝርዝሩ የቃላቱን ስም እንጂ ወዳጆቻቸውን አይናገርም። አከርማንና ቼን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2013 ይህን ክፍተት የሚሞላ፣ 2,469 ጥምረቶችን የያዘ ሌላ ዝርዝር አውጥተዋል፤ እርሱን በክፍል ውስጥ ሲያስተምርበት ያየሁት መምህር ግን እስካሁን የለም።

ሥሩ ያለው ከታች ነው። የእኅቴ ልጅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ይህ ክፍል በአገራችን ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚሰጥበት ነው። የቃላት ደብተሯን ገልጬ ሳየው ገጹ መካከል ላይ በማስመሪያ ተከፍሎ በግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ፍቺ ሰፍሯል፤ በአንድ ገጽ አርባ ያህል ቃል። “ዲሲዥን — ውሳኔ” ይላል አንዱ መስመር። “ውሳኔ ወሰንሁ ለማለት በእንግሊዝኛ ምን ትያለሽ?” ብዬ ጠየቅኋት። “ዱ ዲሲዥን?” አለችና ፊቴን አይታ “ጋሼ፣ ፈተናው እኮ ፍቺውን ብቻ ነው የሚጠይቀን” አለችኝ። እውነቷን ነው። ፈተናው ካልጠየቀ መምህሩ አያስተምርም፣ ተማሪዋም አትጽፍም፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ያ መስመር በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሆኖ እኔ ቢሮ ይመጣል።

የእንግሊዝን ወይም የአሜሪካን ጆሮ ዳኛ አድርገን ለምን እንሾማለን፤ ሕንዱም ናይጄሪያዊውም የራሱን እንግሊዝኛ ፈጥሯል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ የምቀበለውም ክፍል አለው። “ስትሮንግ ሬይን” ያለውን ተማሪ ማንም የሚሳሳትበት ስለሌለ ነጥብ አልቀንስበትም። ነገር ግን በጎ ውጤትን “ኮዝድ” ያለ ጽሑፍ ለውጭ አገር መጽሔት ሲላክ፣ አንባቢው “ምን ክፉ ነገር ደረሰባቸው?” ብሎ ይጀምራል፤ ያ ጥርጣሬም የተማሪውን ልፋት ይበላዋል። መለየት የሚገባን ጆሮን የሚቆረቁረውን ብቻ ከትርጉም አዛቢው ነው፤ ይህንንም መለየት የሚችለው ጥምረቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ተማሪዎች ጽሑፋቸውን አርትዖት ለሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሰጥተው አጽድተው ያመጣሉ። ፕሮግራሙ ራሱ የተሠራው የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚመጣ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ላይ ተምሮ ነው፤ ማሽኑ የተማረውን ትምህርት ልጆቻችን ሳይማሩ መቅረታቸው ያሳዝነኛል። በጥናታቸው መከላከያ ቀን፣ መርማሪው ፊት ቆመው “ለምን ይህን ቃል መረጥህ?” ሲባሉ ዝም የሚሉት ለዚህ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች በየምዕራፉ መጨረሻ በሚያኖሩት የቃላት ሰንጠረዥ ላይ ሦስተኛ ዓምድ ይጨምሩ፤ በእርሱም ቃሉ አብሮት ከሚውለው ሁለት ወይም ሦስት ጓደኛ ጋር ይጻፍ፦ “ዲሲዥን” ከተባለ “ሜክ” እና “ሪች” ይከተሉት። ፈተና አውጪዎች ከአምስት የቃላት ጥያቄ አንዱን እንኳ በጥምረት ላይ ያድርጉት። መምህራን ባልደረቦቼ በሳምንት አንድ ቀን፣ ኮምፒውተር ከሌለም በወረቀት ላይ በተገለበጡ አሥር የኮንኮርዳንስ መስመሮች፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ሕጉን እንዲያገኙት ያድርጉ፤ ያቺ ልጅ እርሳሱን ከእጄ የወሰደችው እኔ ስለነገርኋት ሳይሆን መስመሮቹን ራሷ ስላየች ነው።

ለጋዜጣችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። በወጣቶች ገጻችሁ ላይ ከቃላት እንቆቅልሹ ጎን የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ብትሰጡ፣ በየሳምንቱ አንድ ተራ የእንግሊዝኛ ቃል ከጎረቤቶቹ ጋር በአሥር መስመር ሊቀርብበት ይችላል። ክፍያ አልጠይቅም። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት አዘጋጅቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ፤ አንደኛው “ኮዝ” ነው፣ ሁለተኛው “ሜክ”።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር
ከአዲስ አበባ